ለአፍ አንድ ሽቦ፣ ለጆሮ አንድ ሽቦ

ጆሮዬ ደህና ነው። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ፣ በዚህ ዕድሜ ያልሰማሁት ነገር ሲኖር ሰው ሁሉ በጆሮዬ ስለሚያመካኝ ነው። ችግሩ ያለው ከጆሮዬ ሳይሆን ከእንጅባራ ነው። ዱሮ ዝናብ ከጥርባ በኩል ሲነሳ ገና ሳይደርስ እሰማው ነበር። ደመናው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሁሉ ይሰማኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አታምኑኝም። ይሁን።

አሁን ግን ከተማው ሁሉ ይጮሃል። ጩኸቱ ለእናንተ ጆሮ አይደለም፣ ለሬዲዮ ነው። ያ ቆጣቢ የምትሉት አምፖል ይጮሃል። የስልክ ቻርጀር ይጮሃል። የዲሹ ሳጥን፣ የብየዳ ቤቱ፣ የወፍጮው ሞተር፣ የጎረቤቱ ፍሪጅ፣ ሁሉም ይጮሃሉ። እናንተ "እንዴት ያለ ጸጥ ያለ ከሰዓት ነው" እያላችሁ በረንዳ ላይ ስትቀመጡ፣ እኔ ሬዲዮዬን ስከፍት ሰማዩ ተቀዶ በቆርቆሮ ቤት ላይ ጠጠር የሚዘንብ ይመስለኛል። ታክቶኛል። ዝም ያለ ነገር መስማት ከናፈቀኝ ስንት ጊዜው።

ሬዲዮ ስል ዜና የምትሰሙበትን ማለቴ አይደለም። የኔው ይሰማልም ይናገራልም። ሠላሳ ዓመት በመንገድ ሥራ ካምፕ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሰው ጡረታ ሲወጣ በግ ያረባል፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። እኔ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጣሁ። ለፈቃዱ ስመላለስ ስንት በር እንዳንኳኳሁ አትጠይቁኝ። ፀጉሬ ጠቁሮ ገብቼ ነጥቶ ወጣሁ። መዝገብ ቤት የነበረችው ልጅ ማመልከቻዬን ስትቀበል ገና እጮኛ አልነበራትም፤ ፈቃዱን ስትሰጠኝ አማት ሆና ነበር።

ታዲያ ፈቃዱን ይዤ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ተከልኩና በመካከላቸው ሽቦ ወጠርኩ። አንቴና ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ስናገር ድምፄን ይዞ ይወጣል። ዝም ስል የሰው ድምፅ ይዞልኝ ይገባል። አንዱ ሽቦ አፍም ጆሮም ነው ማለት ነው። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አፍ ከፍ ብሎ መቆም ይወዳል፤ ከፍ ካለ ሩቅ ይደርሳል። ጆሮ ግን እዚያው ሰፈር መሃል ከፍ ብሎ ከተሰቀለ፣ የሚለቅመው የሰፈሩን ጫጫታ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ ዓለም ይሰማኛል። ዓለም ይመልስልኛል፣ እኔ የምሰማው የጎረቤቴን ፍሪጅ ነው።

ከዓለም ደግሞ እኔ መስማት የምፈልገው አንድ ሰው ነበር። ሙላት ይባላል፤ እሱም እንደኔ ፈቃድ አውጥቶ ሬዲዮ አለው። ዳንግላ ነው የሚኖረው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጋሪ ወርደህ ትንሽ በእግር ከሄድክ በኋላ የምታገኘው ቤት። ካምፕ ውስጥ እኔና እሱ አንድ ክፍል ተኝተን፣ ከአንድ ሳህን በልተን፣ አንድ ሬዲዮ ከፋፍለን የኖርን ሰዎች ነን። ከዚያ ዘመን ቴክኒሻኖች በሕይወት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሌላ ሰው ጋ ሄጄ ስለ ቫልቭና ስለ ኮይል ባወራ፣ እያዛጋ ባጃጅ ይጠራል።

ይህን ሰው አስቀየምኩት። እንዴት መሰላችሁ? በገዛ ልጁ ሠርግ። አማቶቹ በተሰበሰቡበት፣ ጠላው እየተቀዳ፣ "እስኪ ጋሽ ዓለሙ፣ አንድ ጨዋታ" አሉኝ። እኔን "አንድ ጨዋታ" ማለት ግድብ መክፈት ነው። ሙላት በወጣትነቱ የካምፑን የአንቴና ምሰሶ ሊጠግን ወጥቶ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ታች አይቶ እንደደረቀ፣ ብረቱን እንደ ሙሽራ አቅፎ አልወርድም እንዳለ፣ እኔም ወጥቼ በጀርባዬ አዝዬ እንዳወረድኩት ተረኩላቸው። ምሰሶውን ስልሳ ሜትር አደረግኩት። ሰዓቱን ከጠዋት እስከ ማታ። የካምፑ ወጥ ቤት ከታች ሆና በምሳ ስታባብለው የሚለውን እዚያው ነው የፈጠርኩት፤ ጥሩ ነበር። ሰው በሳቅ ተንከባለለ። የሙሽራዋ አባት ሙላትን "ጉሬዛው" አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየበዓሉ፣ በየልደቱ፣ በየክርስትናው በአማቶቹ ቤት "ጉሬዛው መጣ" ነው። ሙላት ሦስት ዓመት አላናገረኝም። ስደውል አያነሳም። ዳንግላ ገበያ አየኝና ጋሪ ላይ ተሳፍሮ ጀርባውን ሰጠኝ። ፈረሱ እንኳ ሰላም ያለኝ መስሎኛል፤ ሙላት አላለኝም።

ባለቤቴ የሻረግ ሰለቻት። "አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ሙላት የምታወራው ለእኔ ነው። ለራሱ ለምን አትነግረውም?" ብላ ዳንግላ ድረስ ሄደችልኝ። ምን እንዳለችው አላውቅም። ስትመለስ የያዘችው መልእክት አጭር ነበር። "ከልቡ ከሆነ በሬዲዮ ይምጣ። ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ በምናውቃት ፍሪኩዌንሲ።"

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማይኩን ያዝኩ። "ሙላት፣ ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ፣ ኦቨር" አልኩና (ኦቨር ማለት ተራው ያንተ ነው ማለት ነው) የማይኩን ቁልፍ ለቀቅኩ። ጠጠሩ ዘነበ። ከጠጠሩ ሥር፣ በጣም ከታች፣ በጠርሙስ ውስጥ እንደተዘጋባት ጥንዚዛ የምትንሿሿ አንዲት ድምፅ አለች። ሙላት ነው። ምን እያለ ነው? እግዜር ይወቅ።

አሁን እናንተ "አልሰማሁህም፣ ድገመው አትለውም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። ቀላል ነው እንዲህ ማለት። ሰውየው ሦስት ዓመት ተቀይሞ፣ በስንት ልመና አፉን ከፍቶ፣ ምናልባትም እያለቀሰ ይሆናል፣ እኔ የምመልስለት የመጀመሪያ ቃል "ምን አልክ?" ሊሆን ነው? ደግሞ ሙላትን አታውቁትም። ያ ሰው በድምፁ የሚኮራ ቴክኒሻን ነበር። "ድምፅህ አይደርስም" ከምትሉት ምራቃችሁን ብትተፉበት ይሻለዋል። ስለዚህ "አምስት ዘጠኝ! እዚሁ አጠገቤ የተቀመጥክ ነው የሚመስለው" አልኩት። አምስት ዘጠኝ በእኛ ሙያ ከዚህ የጠራ የለም ማለት ነው።

አንዴ እንዲህ ካልክ ደግሞ መመለሻ የለህም። በየቅዳሜው ተገናኘን። ዘዴ አበጀሁ። ጥንዚዛዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ካቆመች ጥያቄ ነው፤ "አዎ፣ እንዴታ" እላለሁ። ዝቅ ብላ ካለቀች ትዝታ ነው፤ "ልክ ነህ" እላለሁ። ከረዘመች ምክር ነው፤ "እንዳልከው ይሁን" እላለሁ። አንዳንዴ አንድ ቃል ከጠጠሩ መሃል ብቅ ትላለች፤ "ምሰሶ" ትላለች፣ ወይ "አማቶቼ" ትላለች፣ ተመልሳ ትሰጥማለች። እኔም "ይገባኛል፣ ይገባኛል" እላለሁ። አሥራ አንድ ቅዳሜ እንዲህ ኖርን። እንደዚያ ዘመን ከሙላት ጋር ተስማምተን አናውቅም። አንድ ክርክር የለም! ግን ሬዲዮውን ስዘጋ ራሴን እጠይቅ ነበር። ይቅር ብሎኛል ወይስ አላለኝም? እሱን እንኳ አልሰማሁማ።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ቀን፣ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ዳንግላም ይመላለሳሉ። ገና ሲያዩኝ ከመደርደሪያው ኋላ ተነሥተው ጨበጡኝ።

"ጋሽ ዓለሙ፣ ወንድ ነዎት! ሙላት ነግሮኛል። የፊታችን እሁድ አይደል?"

"እሁድ ነው፣ እንዴታ" አልኩ። ለምዶብኛል።

"በአማቶቹ ፊት! በዚህ ዕድሜ! ወላሂ እኔ ብሆን እግሬ አይደፍርም።"

"ቃል ቃል ነው" አልኩና አምፖል ሳልገዛ ወጣሁ። ምንድን ነው በአማቶቹ ፊት የማደርገው? ለምንድን ነው እግር የሚያስፈልገው? ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ የሻረግ አንድ ምሳ ነው ትላለች። በሐሳቤ ያልሄድኩበት የለም። ፈረስ ጉግስ ይሆን? በጎረምሳነቴ በአዊ ፈረሰኞች መሃል ነፋስ የሚባል ፈረስ ጋልቤ ጥላዬን ኋላዬ ጥዬ ሄድኩ ብዬው ነበር፤ ያን አምኖ ይሆን? ወይስ ምሰሶ አቁሞ ውጣ ሊለኝ ነው? እኔ አልጋ ላይ የምወጣው እንኳ የሻረግ ስትደግፈኝ ነው።

"ደውለህ ጠይቀዋ" አለችኝ የሻረግ።

"ምን ብዬ? አሥራ አንድ ቅዳሜ ያልከኝን አንዲት ቃል አልሰማሁም፣ ይቅር ማለትህንም አላውቅም፣ ዝም ብዬ እሺ እሺ ስልህ ነበር ልበለው? ዳግመኛ አፌዘብኝ ብሎ እስከ መቃብር አያናግረኝም።"

"እንደዚያ ነው የምትለው። እውነቱ እሱ አይደል?"

የየሻረግ ምክር ሁልጊዜ እንዲህ አጭርና የማይሆን ነው።

ለእኔ የቀረኝ መንገድ አንድ ነበር። በመጪው ቅዳሜ ሙላትን በእውነት መስማት። ያን ጊዜ ካምፑ ትዝ አለኝ። ካምፕ ሳለን የምንናገርበት ቤት ኮረብታው ላይ፣ የምንሰማበት ቤት ደግሞ ከማዶ፣ ከጄነሬተሩ ርቆ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነበር። ለአፍ ሌላ አንቴና፣ ለጆሮ ሌላ አንቴና። ሠላሳ ዓመት በየቀኑ ያየሁትን ነገር፣ ጡረታ ወጥቼ ረሳሁት። እርጅና ማለት ይሄ ነው።

ሥራ ጀመርኩ። ከሐጂ ሰይድ ሱቅ አንድ ጥቅል ሽቦ አመጣሁ። ከቤቴ ጀርባ፣ ከአምፖሉም ከወፍጮውም ርቆ፣ የአያ ታደለ የድንች ማሳ አለ፤ ከማሳው ማዶ ዲከረንስ ነው፣ ሰው የለበትም፣ መብራት የለበትም። በማሳው ጠርዝ አጫጭር የዲከረንስ ካስማ ቸክዬ፣ ሽቦውን ከመሬት ክንድ ያህል ብቻ ከፍ አድርጌ ዘረጋሁት። እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንዲህ መሬት የሳመ ሽቦ የሰውን ድምፅም አሳንሶ ነው የሚያመጣው። ጫጫታውን ግን ከዚያ ይበልጥ ያሳንሰዋል። ድምፁ ይደክማል፣ ቃሉ ይጠራል።

አያ ታደለ ማረሱን አቁሞ መጣ።

"አያ ዓለሙ፣ ይሄ ለፍየል ነው ለጅብ?"

"ለመስማት ነው።"

"ማንን?"

"ሙላትን።"

"ዳንግላ ያለውን ሙላት? ሚኒባስ ቆሟል እንዴ?"

ካስማዬን መቸከል ቀጠልኩ። እሱም ወደ በሬው ዞሮ በአገውኛ አንድ ነገር አለው። ቋንቋውን አውቀዋለሁ፤ ትርጉሙን አልነግራችሁም። በሬው ግን አንገቱን አዙሮ አየኝ።

ቀጥሎ ያለው ከባዱ ነው። ቁልፉን ስጫን ሬዲዮው ከቀርከሃው ሽቦ ጋር፣ ስለቅ ከድንች ማሳው ሽቦ ጋር መገናኘት አለበት። ከተሳሳተ የገዛ ድምፄ በሙሉ ኃይሉ በገዛ ጆሮዬ ገብቶ ሬዲዮዬን ያቃጥለዋል። የገዛ ድምፁ ያቃጠለው ሰው ስንት እንዳለ አስቡት። ለዚህ ሪሌ የምትባል ማቀያየሪያ ታስፈልጋለች። የት ትገኛለች? ባጃጅ ጥሩምባ ላይ አለች። ከባጃጅ መካኒክ ለምኜ አሮጌ አመጣሁና ሁለት ቀን ሙሉ በብየዳ ጭስ ዓይኔን አጠፋሁ። ወገቤ እንደ ቀርከሃ ተሰነጠቀ። ዓርብ ሲመሽ ስሞክራት "ቃ" አለች። ስጫን "ቃ"፣ ስለቅ "ቃ"።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። ቁልፉን ተጭኜ "ሙላት፣ አለሁ፣ ኦቨር" አልኩና ለቀቅኩ። "ቃ" አለች።

ጠጠሩ ቆመ። እመኑኝ፣ ይህን አላጋነንኩም። በቤቱ ውስጥ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከዝምታው ውስጥ ሙላት ሳለ። ሳሉ እንኳ ተሰማኝ! አርጅቷል። ድምፁ ከሳ ብሏል፣ በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ይፈልጋል። ያ ኩሩ ድምፅ ነው እንዲህ የሆነው? ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"ዓለሙ፣ እንግዲህ እሁድ ደረሰች" አለ። "አማቶቼን ጠርቻለሁ። በየቅዳሜው እንደጠየቅሁህ፣ አንተም በየቅዳሜው እሺ እንዳልከኝ፣ ከፊታቸው ቆመህ እውነቱን ትነግርልኛለህ። ምሰሶው ላይ የደረቅከው አንተ እንደሆንክ። አዝዬ ያወረድኩህ እኔ እንደሆንኩ። ያን ብቻ ነው የምፈልገው። ያን ካልክ በመካከላችን ምንም የለም። ኦቨር።"

እንግዲህ ምን ልበላችሁ። እውነቱን ነው። የደረቅኩት እኔ ነኝ። ለእናንተም ከላይ ሙላት ነው ብዬ ጽፌላችኋለሁ፤ ብዙ ዓመት ደጋግሜ ሳወራው፣ ምሰሶ ላይ ያለውን ሰው ፊት ቀየርኩት፣ ከዚያ ራሴም አመንኩት። ብረቱን ያቀፍኩት እኔ። የአምላክን ስም የጠራሁት እኔ። ሙላት ነው ወጥቶ ቀበቶውን ከቀበቶዬ ጋር አስሮ፣ "ታች አትይ፣ ማጅራቴን እይ" እያለ ያወረደኝ። ለሠርግ ጨዋታ ስል ያን ሰው በአማቶቹ ፊት ጉሬዛ አደረግኩት።

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። እሁድ ሽማግሌ ሆኜ፣ በሰው ፊት ቆሜ፣ "ፈሪውም ውሸታሙም እኔ ነኝ" ልበል? ፈረስ ጉግሱ በስንት ጣዕሙ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ተጫንኩት። "ሙላት፣ ዛሬ ጫጫታ በዛብኝ፣ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ለሌላ ጊዜ ብናደርገውስ? ኦቨር" አልኩት። አሥራ አንድ ቅዳሜ ምንም ሳልሰማ ሰማሁ ስል የኖርኩ ሰው፣ የሰማሁ ቀን አልሰማሁም አልኩ።

"ቃ"። ሙላት ሳቀ። ሳቁም ደክሞታል።

"አንተ ቀጣፊ። ሰምተሃል። ዛሬ ነው የሰማኸኝ።"

"ኧረ እኔ…"

"ዝም በል። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠርጥሬህ የሻረግን ልድራት ነው ብዬህ ነበር። እንዳልከው ይሁን አልከኝ። በአምስተኛው ሞቼ ተቀበርኩ አልኩህ፤ አይዞህ አልከኝ። ያልሰማ ሰው ቶሎ ነው የሚመልሰው፣ ዓለሙ። ዛሬ ግን ስታስብ ቆየህ።"

"ታዲያ ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"ምን ላድርግ? ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያናግረኝ ሌላ ማን አለ?"

ይህን ሲለኝ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ደግሜ አንስቼ "እሁድ እመጣለሁ" አልኩት።

እሁድ በሚኒባስ ሄድኩ። የሻረግ እንዳላመልጥ ከመስኮቱ በኩል አስቀመጠችኝ። የሙላት ቤት ሞልቷል። ሐጂ ሰይድ እንኳ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። የሙሽራዋ አባት መሃል ላይ ተቀምጧል፣ ለሳቅ ተዘጋጅቷል። ቆምኩ። እግሬ ሐጂ እንዳሉት አልደፈረም፤ ወንበር ያዝኩ። ተናገርኩ። ምሰሶው ላይ የደረቅኩት እኔ ነኝ፣ ያወረደኝ ሙላት ነው፣ በሠርጉ ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። እስኪ መላው ዳንግላ ዝም ሲል አስቡት። ጋሪዎቹ ሁሉ የቆሙ መሰለኝ።

እዚያ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ነበር። ግን ሙላትን አየሁት። አንገቱን ቀና አድርጎ ተቀምጧል፤ ሦስት ዓመት አጎንብሶ የኖረ አንገት። እንዲህ ላለ ሰው ሃያ አራት ሜትር ብቻ የነበረ ምሰሶ ምን ይበቃዋል? እውነቱን ተናግሬያለሁ፤ ቁመቱ ቢጨምር ማንን ይጎዳል? መቶ ሃያ ሜትር አደረግኩት። ንፋሱ ምሰሶውን እንደ ቄጠማ ያወዛውዘዋል አልኩ። ሙላት በአንድ እጁ እኔን፣ በአንድ እጁ ብረቱን፣ በጥርሱ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ከደመና ሥር ብቅ ሲል ካምፑ በሙሉ ተንበርክኮ ነበር አልኩ። ሰዉ አፉን ከፈተ። አማትየው ተነሥቶ በሦስት ዓመት ያልጸዳውን ያን የጉሬዛ ስም በአንድ ቃል ሠርዞ "አንበሳው!" አለ።

ከዚያ ግን ፊቱን ወደ ሙላት አዞረ። በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። "ለመሆኑ ሙላት፣ እውነት ይህን ያህል ነበር?" አለው።

ሙላት በሕይወቱ አጋኖ የማያውቅ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"የቁመቱን ልክ ነው" አለ። "ግን ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር አላየውም እንጂ፣ በረዶም ይጥል ነበር።"

ምሰሶው ላይ የወጣንበት ወር የካቲት ነበር፤ ጠብታ የሌለበት በጋ።